ባለቤትና ተሳቢ፦ «ፔሸንት» ስለሚለው ቃል

፩

«ፔሸንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በየሆስፒታሉ ኮሪደር ከአማርኛችን ጋር ተጋብቶ ከከረመ ቆይቷል። «ፔሸንቱ ምሳ በልቷል?»፣ «ሁለት ፔሸንት ቀርቶናል»፣ «ይሄ የማን ፔሸንት ነው?» ይባላል። ይህን የሚናገረው ሐኪም ነው፣ ነርስ ነው፣ ተማሪ ነው። የሚነገርለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን አያውቀውም። እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይነሣል። ሰውን በማያውቀው ቃል ስንጠራው ምን እያደረግነው ነው? ቃሉስ ከአገሩ ሲመጣ ምን ተሸክሞ መጣ?

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ጥናት ክፍል ጓደኞቻችን በተውንላቸው ነበር። ግን የግብረ ገብ ጉዳይም ነው። ከመካከላችን ቀላል የማይባለው ቁጥር ነገ በሰው አልጋ አጠገብ ይቆማል። የቀረነው ደግሞ አንድ ቀን አልጋው ላይ እንተኛለን፤ የሚቆሙትም ቢሆኑ አይቀርላቸውም። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይቆየን።

ጽሑፋችንን ጉለሌ ላይ፣ ጳውሎስ ሠፈር ላይ እናቆመዋለን። ከፓስተር አጠገብ፣ ወደ ዊንጌት በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ሠፈር በሆስፒታሉ ስም ነው የሚጠራው፤ የታክሲው ረዳት «ጳውሎስ ወራጅ አለ?» ሲል ስለ ሐዋርያው መጠየቁ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲቋቋም ዓላማው አቅም የሌለውን ሰው ማከም ነበር። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተበት። ከዚያም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ተባለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ነገር ተገናኘ ማለት ነው፤ ድሃው ሊታከም ይመጣል፣ ተማሪው ሊማር ይመጣል፤ ሁለቱም የሚገናኙት በአንድ አልጋ ላይ ነው። የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ መገናኘት የሚወለድ ስለሆነ ጳውሎስ ለእኛ ምሳሌ እንጂ ተከሳሽ አይደለም። የምንለው ሁሉ በአገርም በውጭም ያለውን ማንኛውንም የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚመለከት ነው።

፪

«ፔሸንት» የላቲን ልጅ ነው። መሠቃየት፣ መሸከም፣ መቻል የሚል ትርጉም ካለው ግስ ወጥቶ፣ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ቀጥተኛ ፍቺው «የሚሸከም፣ የሚችል» ነው። ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች አሉ። «ፓሽን» በመጀመሪያ የክርስቶስ ሕማማት ነበረ፤ ኋላ ነው ብርቱ ስሜት ሁሉ የተጠራበት። «ፓሲቭ» የሚደረግበት፣ የማያደርግ ነው። «ኮምፓሽን» አብሮ መሠቃየት ነው። «ፔሸንት» ራሱ ቅጽል ሲሆን ታጋሽ፣ ስም ሲሆን ሕመምተኛ ይሆናል።

የእኛም ግዕዝ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ሕማም» የሚለው ቃል በአንድ በኩል የሰውን ሕመም፣ በሌላ በኩል የጌታን መከራ ይሰይማል፤ ሰሙነ ሕማማት የምንለው ከዚያ ነው። ሮምና አክሱም ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ሄዱ ማለት ይቻላል። ግን አንድ ቦታ ላይ ተለያዩ። ትዕግሥትን እኛ በሌላ ቃል፣ በሌላ ሥር ነው ያኖርነው። ለሴት ልጃችን ትዕግሥት ብለን ስም እናወጣለን፤ ሕመምን ግን ማንም ለልጁ ስም አያደርገውም። ሁለቱ በእኛ ዘንድ ዘመድ አይደሉም። በአማርኛ «ታማሚው አልታገሠም» ቢባል ምንም የሚጋጭ ነገር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ትዕግሥት የሌለው ፔሸንት» ማለት ቀልድ ይመስላል፤ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት በስሙ ውስጥ «ታገሥ» የሚል ትእዛዝ ተቀብሏልና።

ታዲያ አማርኛችን ነፃ አወጣን ብለን እንኩራ? ኧረ የለም። እኛ ትእዛዙን ከቃሉ ውስጥ አውጥተን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ካርድ ለማውጣት በሌሊት ሰልፍ፣ ለላቦራቶሪ ሰልፍ፣ ለውጤት ሰልፍ፣ ከዚያ «በቀጠሮ ይመለሱ»። ከገጠር የመጣ ሰው ማደሪያ ፍለጋ ዘመድ ያስቸግራል። «ትንሽ ይታገሡ» የሚባለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ወገን ነው።

«ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ» ይላል የአገር ሰው። ልክ ነው። ይሁንና ዛፉን አንዱ ተክሎ ፍሬውን ሌላው ከለቀመው ምሳሌው አይሠራም። ሁለት ዓይነት ትዕግሥት መለየት ያለብን ይመስለናል። አንደኛው ሕመሙ ራሱ የሚጠይቀው ነው። የተሰበረ አጥንት ለመግጠም ሳምንታት ይፈልጋል፤ በዚህ ማንም ላይ ቅሬታ የለንም። ሁለተኛው ሰው በሰው ላይ የሚጭነው ነው። የዚህኛው ትዕግሥት ትክክለኛ ስሙ ግብር ነው፤ እንደ ብዙ ግብርም በድሃው ላይ ይከብዳል።

ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ሀገር ቱስኪጊ በተባለ ቦታ የተደረገውን እናስታውስ። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶችንና ለማነጻጸሪያ 201 ሌሎችን መዝግቦ፣ እውነቱን ሳይነግር፣ በሽታው ወዴት እንደሚደርስ 40 ዓመት ተመለከተ። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጣቸውም። እነዚያ ሰዎች «የሚታከሙ» መስሏቸው በትዕግሥት ይመላለሱ ነበር። «ፔሸንት» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ የተፈጸመባቸው እነርሱ ናቸው፤ ቻሉ፣ ተሸከሙ።

ትዕግሥትን ለማወደስ ሁልጊዜ የሚጠራው ኢዮብ ነው። መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ግን ኢዮብን በአብዛኛው ምዕራፍ ሲከራከር ነው የሚያገኘው። ዝም ያለው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጠየቀ፣ ሞገተ፣ «ለምን?» አለ። ታጋሽ የተባለውም ይህን ሁሉ ይዞ ነው። ዝም ማለትና መታገሥ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ መማር ይቻላል።

፫

አሁን ወደ ራሳችን ስሞች እንምጣ። አማርኛ አንድ ቃል ብቻ አይደለም ያለው።

«በሽተኛ» የሚለውን እንውሰድ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኛ» ጉልበተኛ ናት። ፈረሰኛ፣ ጋዜጠኛ፣ እስረኛ፣ ስደተኛ፣ ኃጢአተኛ። ሰውየውን ከአንድ ነገር ጋር ታስረዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ነገሩ ሁሉ አይታይም። በሽተኛ ስንል ሰውየው አናጺ መሆኑ፣ የሦስት ልጆች አባት መሆኑ፣ በዕድር ውስጥ ዳኛ መሆኑ ይሸሸጋል። መንገድ ላይ «አንተ በሽተኛ!» የሚለው ስድብ የሆነው በከንቱ አይደለም። «ሕመምተኛ» ለስለስ ይላል፤ ያችው «ኛ» ግን አለችበት።

«ታካሚ» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከ«ታከመ» የመጣ ስለሆነ ሰውየውን በበሽታው ሳይሆን በሚደረግለት ነገር ይሰይመዋል። ይሻላል። ግን ገና ወረፋ ላይ ቆሞ ያልታከመውንም ታካሚ እያልን ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ሲገባ «ተገልጋይ» እና «ደንበኛ» የሚሉት ቃላት ተስፋፉ። ይህ የእኛ ብቻ ክርክር አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ገጽ ላይ «ፔሸንት የሚለው ቃል ይቀየር ወይስ አይቀየር?» ተብሎ ሙግት ተደርጎበታል። ይቀየር ያሉት ቃሉ ሰውን ደካማና ዝምተኛ ያደርገዋል ብለው ነው። ሐሳባቸው ይገባናል። ነገር ግን «ደንበኛ» መፍትሔ አይመስለንም። ደንበኛ ማለት ዕቃው ካልጣመው ወደ ሌላ ሱቅ የሚሄድ ነው። በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት የምትሄድበት ሌላ ሱቅ የላትም። ደግሞም ደንበኛ የሚከበረው ኪሱ ውስጥ ገንዘብ እስካለ ድረስ ነው። ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው በዚህ ሚዛን ምን ክብር ይኖረዋል? ክብሩን ከኪሱ የሚያገኝ ቃል ለድሃ አይሆንም።

ከዚሁ ከጉለሌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ብንወጣ ሌላ ቃል እናገኛለን፤ «ጠበልተኛ»። «ኛ» እዚህም አለች። ግን ሰውየው የተሰየመው በያዘው ነገር አይደለም፤ በሚፈልገው ነገር ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በሽተኛ ሲሆን በሽታው ነው ያገኘው፤ ጠበልተኛ ሲሆን እሱ ነው ተነሥቶ የሄደው። የሳይንስ ተማሪዎች ነንና ጠበሉን ከመድኃኒት ጋር እናወዳድር አንልም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንና የኤችአይቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደማይጋጭ ለምእመናን መናገራቸው ይታወሳል። የምንለው ስለ ቃሉ ብቻ ነው።

ኤችአይቪን ካነሣን ትልቁን ትምህርት ከዚያ እናገኛለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የኤድስ በሽተኛ» ይባል ነበር፤ ቃሉ ከሥራ ያባርር፣ ከቤት ኪራይ ያስወጣ ነበር። በ1990ዎቹ እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ወደ አደባባይ ሲወጡ ቃሉም እየተቀየረ ሄደ፤ «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው» መባል ጀመረ። ረጅም ነው፤ ለምላስ አይመችም። ግን መጨረሻው ላይ «ሰው» የሚል ቃል አለበት። የቀየሩትም የቋንቋ ሊቃውንት ሳይሆኑ የተሰየሙት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ተውሰን ትኩሳት ለያዘው ሰው ሰጠነው። የተማርነውን ምን ያህል ቶሎ እንደምንረሳ እዩ።

፬

የሰዋስው ትምህርት የተሰላቸ አንባቢ ይህን ክፍል መዝለል ይችላል፤ ባይዘልል ግን ይሻለዋል።

አማርኛ ሕመምን ሲናገር «አመመኝ» ይላል። «ራሴን አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»። ልብ በሉ፤ በዚህ ግስ ውስጥ «እኔ» አድራጊ አይደለሁም። የሆነ ነገር መጥቶ በእኔ ላይ ያደርጋል። በሰዋስዋችን አድራጊው ባለቤት ይባላል፤ የሚደረግበት ደግሞ ተሳቢ። ባለቤት፣ ቤት ያለው። ተሳቢ፣ የሚጎተት፤ ከከባድ መኪና ኋላ የሚታሰረውም ተሳቢ ነው የሚባለው። እንግዲህ የታመመ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ባለቤትነቱን ያጣና ተሳቢ ይሆናል። ይህ የቋንቋ ጭካኔ አይደለም፤ እውነት ነው። የታመመ ያውቀዋል።

ፈላስፎችም ይህን ጥንድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አሪስጣጣሊስ ነገሮች ሁሉ በሚነገሩባቸው አሥር ክፍሎች ውስጥ «ማድረግ» እና «መደረግ» የሚሉትን ሁለት ክፍሎች አስገብቷል። በዘመናችን የሥነ ምግባር ፈላስፎች «ሞራል ኤጀንት» የሚሉት ለሥራው ተጠያቂ የሆነውን አድራጊ ነው፤ «ሞራል ፔሸንት» የሚሉት ደግሞ ሌላው ሊበድለው ወይም ሊያደርግለት የሚችለውን ነው። ጨቅላ ሕፃን አድራጊ ሆኖ አይጠየቅም፤ ሊበደል ግን ይችላል። ራሱን የሳተ ሰውም እንደዚያው። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። አደጋው የሚመጣው ሰውን ለዘላለም በአንዱ ሳጥን ውስጥ ስናስቀምጠው ነው። ተሳቢነት የአንድ ዓረፍተ ነገር ሁኔታ እንጂ የሰው ባሕርይ አይደለም። «አመመኝ» ያለው ሰው በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «ሐኪም ቤት ሄድኩ» ይላል፤ ባለቤት ሆነ።

ሕጋችን ይህን ከእኛ በፊት አስቦበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራ አይደረግብኝ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሞግዚት ያለባቸውንና ለሕዝብ ጥቅም በሕግ የታዘዙትን እንደ ክትባት ያሉ ነገሮች ለይቶ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299ም ሰው ተነግሮትና ገብቶት ካልፈቀደ ሕክምና እንዳይደረግበት ይላል። «እምቢ» ማለት የሚችል ተሳቢ እንግዲህ ምን ዓይነት ተሳቢ ነው?

ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ ግን እዚያው ጳውሎስ ነው ያለው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በዚያ ተከፈተ፤ የአሜሪካው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሥልጠናውንና ሥራውን አግዘዋል። ኩላሊቱ የሚመጣው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። እስቲ ስለዚህ ሰጪ እናስብ። አልታመመም። «አመመኝ» ብሎ አይደለም የመጣው። ጤነኛ ሆኖ፣ አስቦበት፣ በእግሩ ተራምዶ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ይቆረጣል፣ ከሰውነቱ ይወሰድበታል። እንደ ሰዋስው ከሆነ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተሳቢ ነው። እንደ ግብረ ገብ ከሆነ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ አድራጊ እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ እጁን ነው ያዋጣው፤ እሱ ሰውነቱን። ታዲያ መተኛትና መደረግ ባለቤትነትን አያጠፋም ማለት ነው፤ የሚያጠፋው አለመጠየቅ ነው።

፭

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደረስን። ተማሪ በሰው ላይ ይማራል። መጽሐፍ አንብቦ ብቻ የልብ ድምፅ ማወቅ አይቻልም፤ ደረት ላይ ጆሮ መጣል ያስፈልጋል። የማን ደረት?

ታሪኩን በአጭሩ ብናይ መልሱ በየአገሩ አንድ ነው፤ የድሃው። በ1832 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የአናቶሚ ሕግ ቀባሪ ያጣውን የድሃ ማቆያ ቤት ሰው አስከሬን ለተማሪዎች እንዲሰጥ ፈቀደ። ሚሼል ፉኮ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የፓሪስ ሆስፒታሎች ሲወለዱ በሀብታምና በድሃ መካከል ያልተጻፈ ውል እንደነበረ አሳይቷል፤ ድሃው አካሉን ለትምህርት ያሳያል፣ በዚያ የሚገኘው እውቀት ሀብታሙን ያድናል። በእኛም ዘንድ ገንዘብ ያለው ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ እዚያ አሥር ተማሪ አልጋውን አይከበውም።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሦስት ወገን ሆነን ነበር የተከራከርነው።

አንደኛው ወገን እንዲህ አለ፦ «ዛሬ በአንድ ሰው ላይ ያልተማረ ሐኪም ነገ ሺህ ሰው ይገድላል። የአንዱ ትንሽ ሐፍረትና የሺዎች ሕይወት ሲመዘን ምን ያነጋግራል?» ሁለተኛው ወገን የካንትን ሐሳብ ይዞ ተነሣ፦ «ሰው ራሱ ግብ ነው፤ ለሌላ ግብ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትጠቀምበትም። ሺህ ሰው ለማዳንም ቢሆን።» ሦስተኛው ወገን ደግሞ፦ «ሕክምናውን በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ እያገኘ አይደለም እንዴ? ይሄ ዋጋው ነው» አለ።

ሦስተኛውን ሐሳብ ቶሎ ነው የጣልነው። ዋጋ ከሆነ አስቀድሞ ይነገራል። ገበያ ሄዶ ዋጋ ሳይነገረው ዕቃ ተሸክሞ ሲወጣ ከበር ላይ ኪሱን የሚበረብሩት ሰው ካለ ያ ንግድ አይባልም። ድሃው ነፃ ሕክምና የተሰጠው ድሃ ስለሆነና ሰው ስለሆነ ነው፤ አካሉን ስላስያዘ አይደለም።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ግን የምር ተያያዙ። ካንትን የያዙት «ብቻ» የምትለዋን ቃል እንዲያስተውሉ ተጠየቁ። መሣሪያ አድርጎ መጠቀምና መሣሪያ ብቻ አድርጎ መጠቀም ይለያያል። ሁላችንም ለሁላችን መሣሪያ ነን፤ ዳቦ ጋጋሪው ለእኛ፣ እኛም ለእሱ። ልዩነቱን የሚያመጣው ፈቃዱ ነው። ሺዎችን ለማዳን የሚሉት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ «ሺዎቹን ለማዳን አንዱን መጠየቅ ይከለክላል እንዴ?» ይህን ለመመለስ የሚከተሉትን ሦስት ምክንያቶች አመጡ።

«ከተጠየቁ እምቢ ይላሉ» የሚል ነው አንዱ። በመጀመሪያ፣ እምቢ የሚሉ ከሆነ እስካሁን ያደረግነው እምቢታቸውን ባለመስማት ነበር ማለት ነው፤ ክርክሩ ራሱን ይመታል። ሁለተኛ፣ ሰዎቻችንን ስለምናውቅ እምቢ የሚለው ጥቂት ይመስለናል። «እናቴ፣ ተማሪ ነኝ፤ ሆድዎን ልንካ? ካልፈለጉ ይተዉት» ቢባሉ ብዙ እናቶች «ተማር ልጄ፤ የሰው ልጅ ዳንበት» ነው የሚሉት። የዚያን ጊዜ ምን እንደሚሆን እዩ። እሺ ያሉት እናት አስተማሪ ሆኑ፤ ያ ተማሪ ዕድሜ ልኩን የሚሠራበትን እውቀት ሰጪ ናቸው። ያው አልጋ፣ ያው ሆድ፣ ያው እጅ፤ የተለወጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጊዜ የለም» የሚል ነው ሁለተኛው። ይህ የሚናቅ አይደለም። ሐኪሙ አንድ፣ ወረፋው ብዙ፣ ሌሊቱን ያልተኛ፤ ሁሉን ለማዳረስ የሚሮጥ ሰው ላይ ፍልስፍና መጫን ቀላል ነው። ሆኖም ስምን ማወቅ ስንት ሰከንድ ይወስዳል? «አልጋ ቁጥር 7» ከማለት «ጋሽ እገሌ» ማለት አይረዝምም። «እርስዎ» ማለትም «አንቺ» ከማለት የበለጠ ትንፋሽ አይጨርስም። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ነጭ ጋውን ስለለበሰ ብቻ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴት «ነይ፣ ተቀመጪ» የሚልበት አጋጣሚ ከጊዜ እጥረት የመጣ አይደለም። «እማማ» ብሎ «አንቺ» የሚል አለ፤ ዝምድናውን ጨምሮ አክብሮቱን ይቀንሳል።

ሦስተኛው «መጠየቅ የማይችልስ?» የሚል ነው። ራሱን የሳተው፣ ሕፃኑ። እዚህ ላይ የፈላስፎቹ «ሞራል ፔሸንት» በትክክል ይሠራል። እምቢ ማለት ስለማይችል ግዴታችን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚጠየቅም ሰው አጠገቡ አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

እዚህ ጋ ስለ «ኬዝ» ሳንናገር ማለፍ አይገባም። «አሪፍ ኬዝ ገብቷል፣ ኑ እዩ» ይባላል። ኬዙ አሪፍ የሚሆነው ብርቅ ሲሆን ነው፤ ብርቅ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲከፋ ነው። ስለዚህ የተማሪው ደስታና የሰውየው ዕድል በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ይህን ደስታ ኃጢአት አንለውም፤ ያለ እሱ ማንም አይማርም፣ የማወቅ ጉጉት የሌለው ሐኪምም አደገኛ ነው። ግን ሰውየው ጆሮ አለው። «አሪፍ» የምትለዋን ቃል ከእንግሊዝኛው ሁሉ መካከል ለይቶ ይሰማታል፤ አማርኛ ናትና። ምን አሪፍ ነገር እንደተገኘበትም ሌሊቱን ሲያሰላስል ያድራል።

፮

እስካሁን ሁለት ሰው ነው ያነሣነው፤ ባለቤትና ተሳቢ፣ ሐኪምና ታካሚ። «ሐኪም» በአገራችን ማዕረግ ነው። በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሕፃን ሆኖ በእንግሊዞች ተወስዶ፣ በሕንድ አገር ሕክምና ተምሮ የተመለሰውን ወርቅነህ እሸቴን እስከ ዛሬ ሐኪም ወርቅነህ ነው የምንለው። ማዕረጉ ስሙን አደመቀው። «ታካሚ» ግን በስም ፊት ሲቆም ስሙን ይተካዋል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው አለ፤ «አስታማሚ»። ከ«ታመመ» ከራሱ የወጣ ቃል ነው፤ የሌላውን ሕመም ይዞ ስሙ ያደረገ ሰው። ምግብ ከቤት የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ደም የሚሰጠው፣ ሌሊት አልጋው ሥር ነጠላውን አንጥፎ የሚያድረው። ሆስፒታል ውስጥ ማዕረግ የለውም፤ ዘበኛው «ውጣ» ይለዋል፤ ሐኪሙ ሲመጣ ወደ ኮሪደር ይባረራል። ሆኖም ሕፃኑ የት ጋ ሲነካ እንደሚያለቅስ፣ አባትየው መድኃኒቱን ውጦ ይሁን ከትራሱ ሥር ደብቆ፣ የሚያውቀው እሱ ነው። አድራጊ ነው እንዳንል አልቆረጠም፣ አላዘዘም። ተደራጊ ነው እንዳንል አልታመመም። እንግሊዝኛው «ኮምፓሽን» የሚለውን ስሜት እኛ ሥራ አድርገነዋል፤ ሥራውንም የሚሠራ ሰው አለን።

ሕክምና ማለት አንዱ ሲያደርግ አንዱ የሚደረግበት ጉዳይ ሳይሆን፣ ሁለቱም አንድን ሕመም አብረው የሚያስታምሙበት ጉዳይ ሆኖ ብናየው የሚሻል ይመስለናል። ሐኪሙ በእውቀቱ፣ ታማሚው በአካሉና በሚናገረው፣ ቤተሰቡ በጉልበቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል የሕክምናውን ግማሽ የሚሠራው ተናጋሪው ታማሚ ነው ማለት ነው። የማይሰማው ካለ ግን በሽታውን የደበቀው ማን ይሆን?

ጎረቤት ሲታመም «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን። «ማረ» ይቅር አለ፣ ራራ ነው። ይህ ምርቃት ማንም በራሱ ሙሉ ባለቤት አለመሆኑን ያስታውሳል፤ ሐኪሙም ጭምር። ሐዋርያው ጳውሎስም መውጊያው ይወገድለት ዘንድ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ ይህን መውጊያ ብዙ ተርጓሚዎች ሕመም ነው ይሉታል። ሐኪሙ ሉቃስም ወዳጁ ነበር። ይህን ሁሉ ይዞ ጻፈ፣ ተከራከረ፣ ባሕር ተሻገረ። ያልዳነ ሰው ሥራ ፈት አይደለም።

ክርክራችን ሲያልቅ በሦስት ነገር ተስማማን። «ፔሸንት» የሚለውን ቃል ከኮሪደር ለማስወጣት ዘመቻ አንጠራም፤ ቃል በዘመቻ አይወጣም፤ ሰውየው በሚሰማበት ቦታ ግን በስሙና በሚገባው ቋንቋ እንናገራለን። ከመንካታችን በፊት እንጠይቃለን፤ እምቢ ያለውንም ሳንቀየመው ወደሚቀጥለው አልጋ እናልፋለን። አስታማሚውን ከማስወጣታችን በፊት የሚያውቀውን እንጠይቀዋለን።

ያልተስማማንበትም አለ። በአስቸኳይ ክፍል፣ ሰውየው እያጣጣረ፣ ዘመድ ሳይኖር፣ ተማሪው የመጀመሪያውን የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ይማር ወይስ ልምድ ያለው ብቻ ይሥራ? «ይማር» ያሉት የሚቀጥለውን ሰው አስበው ነው፤ «አይማር» ያሉት የተኛውን። ሁለቱም ወገን ለሰው ነው የተከራከረው፤ ድምፅ ብንሰጥ እኩል ለእኩል ነበርን። መልስ ያለው ሰው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።